የከሰዓቱ ፈረቃ

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ አማርኛውንም ፈረንሳይኛውንም ለገሃር ውስጥ ፉርጎ ላይ ከተጻፈው እያነበብኩ የተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ አልነበረም። ታዲያ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ በየፈተናው ስትወርድ እንቅልፍ አጣሁ። ሚኒስትሪን ከወደቀች ትምህርቷ እዚያው ላይ መቅረቱ ነው።

በደርግ ጊዜ ተማሪው ስለበዛ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማር ነበር። ከሰፈራችን ልጆች በብዛት የሚያልፉት የጠዋቶቹ፣ የሚወድቁት የከሰዓቶቹ መሆናቸውን ያስተዋልኩት እኔ ነኝ። የኔዋ የከሰዓት ነበረች።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሣሁና፣ «ፈረቃው በየወሩ ይቀያየር!» አልኩ።

«አቦ አንተ ደግሞ! ልጅህ ብትሰንፍ በሰዓት ታሳብባለህ?» አለችኝ መጋላ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላት ሶማሌ ጎረቤታችን። የእሷ ልጅ የጠዋት ነው። ሰዉ ሳቀ።

ዳይሬክተሩም፣ «ጓድ፣ ብዙኃኑ ካልተስማማ ምን ላድርግ?» አለ።

«እንግዲያው የሚቀጥለው ስብሰባ ከምሳ በኋላ፣ ልጄ በምትማርበት ክፍል ይሁን።»

ክርክሬ ሰልችቶት መሰለኝ፣ እሺ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግቢዬ ውስጥ ስንጎራደድ ሰነበትኩ። ድንገት ቢደምንስ?

አልደመነም። ድሬዳዋ ከሙቀቱ ሸሽታ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት ቆርቆሮው ስር ታጨቅን። ዳይሬክተሩ ንግግሩን ሳያጋምስ አንዱ አባወራ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋ ጀመር። ባለሱቋ በሻርፗ ጫፍ እያራገበች፣ «ያ ጀመዓ፣ ውጪ ዛፉ ስር እንጨርሰው እንጂ!» አለች።

«ልጆቹስ ዛፍ ስር ይወጣሉ?» አልኳት።

ማራገቧን አቆመች። «ወላሂ፣ ይሄ እሳት ነው» አለችና ፈረቃው እንዲቀያየር እጇን ከሁሉ ቀድማ አወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። «ግን ልጄ ከወደቀ ቤትህ ነው የምመጣው፣ ስማ!»

«እሱንም እኔው አስጠናዋለሁ!»

አስጠናሁም። ፈረቃው ተቀያየረ ብዬ አላረፍኩም፤ ማታ ማታ ሁለቱን አስቀምጬ ሒሳብ አሠራኋቸው። ሲያዛጉ እቆጣለሁ፤ ሲመልሱ ደግሞ ከበድ ያለውን እጨምራለሁ።

ውጤት የተለጠፈ ቀን ግድግዳው ሥር በተኮለኮለው ሕዝብ መሐል መግባት አቅቶኝ ግቢውን ስዞር፣ ልጄ ከኋላ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«አባባ፣ አልፌያለሁ። እሱም አልፏል። በቃ ቁም!»

«ስንት አመጣሽ?» አልኳት፣ እየሄድኩ።