ባትሪ ያዡ

ቢቸና ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቴ ያነሳሁትን ፎቶ፣ ለጉዳይ ሞጣ ሄጄ የሌላ ፎቶ ቤት በር ላይ ተሰቅሎ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነበር። ከዚያ ከሥሩ የዚያን ፎቶ ቤት ባለቤት ስም አነበብኩ።

ፎቶው ላይ አንድ ቤተሰብ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ ዙሪያቸውን የብርሃን ሐረግ ከቧቸዋል። ይህን ለማንሳት መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ የካሜራው ዓይን ተከፍቶ ይቆያል፤ ጥቁር የለበሰ ሰው ከተቀመጡት ኋላ እየዞረ በባትሪ አየሩ ላይ ይሥላል። ብርሃኑ ይቀራል፣ ባትሪ ያዡ ግን ስለሚንቀሳቀስ አይታይም። ተነሺዎቹ ንቅንቅ ማለት የለባቸውም። እስክለምደው ድረስ እናቴን አስቀምጬ ስንቴ አሰልችቻታለሁ።

ገብቼ ባለቤቱን ጠየቅኩት።

"ብርሃን የማንም አይደለም። ደግሞ አንቺን እዚህ ማን ያውቅሻል?" አለኝና ወደ ደንበኞቹ ዞረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከጥቂት ወራት በኋላ እሱው ራሱ ደወለልኝ። የሞጣ ሰዎች ለልጃቸው መልስ እንደዚያ ያለ ፎቶ አዘውት፣ ካሜራውን ከመክፈት በቀር አሠራሩን አያውቀውም።

"ባትሪ ትይዥልኛለሽ። ጥቁር ልበሺ፣ አትታይም" አለ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ለጸሎት አልሄድኩም። ጥቁሬን ለብሼ፣ ቂሜን ይዤ ሞጣ ገባሁ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ "ኖር!" ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ትልቁ ሰው ገብተው ሳይቀመጡ ካሜራ ከፍቼ አላውቅም። እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። እንዲያውም የሙሽሪትን አያት ዳሱ ውስጥ አገኘኋቸውና ጎንበስ ብዬ፣ "አባባ፣ ልጆቹ እርስዎን ሳይጠብቁ ፎቶ ሊነሱ ነው እኮ" አልኳቸው።

"ምን ሲደረግ!" ብለው ከዘራቸውን ፈለጉ።

ክፍሉ ጨለመ፣ ካሜራው ተከፈተ፣ መሣል ጀመርኩ። ሐረጉን ግማሽ ሳላደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተና ቤቱ ሁሉ "ኖር!" ብሎ ተነሳ።

"በእግዜር፣ በእግዜር" አሉ አያት።

ፎቶውን ካሜራው ላይ አየነው። ሙሽራው ሁለት ራስ አውጥቷል፣ ሙሽሪት ጭስ መስላለች። ደስ አለኝ፤ እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ።

"በርህ ላይ ያለው እንዲህ ነው እንዴ?" አሉት የሙሽሪት እናት።

"ባትሪ ያዟ ናት ያበላሸችው" አለ።

"በሩ ላይ ያለውን ማን እንዳነሳው ይንገራችሁና አሁኑኑ አነሳችኋለሁ" አልኩ።

አያት ከዘራቸውን ተደግፈው ጠበቁት፣ ጠበቁትና፣ "ተናገራ ልጄ፣ ሰው አታቁም" አሉት።

"እሷ ናት" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ለሌላ ሰው ይህ በበቃው። እኔን አልበቃኝም። አያትን መሀል አስቀመጥኩ፣ ካሜራውን ተቀበልኩት፣ ጥቁር ሻርፔን አከናንቤው ባትሪውን እጁ ላይ አኖርኩለት። "ጎንበስ በል። ቀስ። አሁን ዙር" እያልኩ አዞርኩት።

ፎቶው ዛሬም ሳሎናቸው ተሰቅሏል፣ ከሥሩ የእኔ ስም አለ። እሱ ከዳር እስከ ዳር ዞሮበታል፤ የትም አይታይም።