ያላየውን ቤት የጻፈው ጠበቃ

ጠበቃውን ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ «እስቲ ልየው» ነው የሚሉት። ውል ይጻፍልኝ ብሎ የመጣን ሰው ገና ሳይቀመጥ «እስቲ መጀመሪያ ቤቱን ልየው» ስለሚል ነው። ሌሎቹ ጠበቆች ባዶውን መስመር ብቻ የሚሞሉበት ቅጽ አላቸው። እሱ ግን ሜትሩን ኪሱ ከትቶ ይወጣል። ክፍል በክፍል ይዞራል፣ ቧንቧ ይከፍታል፣ በር ገፋ መለስ ያደርጋል፣ የሚያፈስ ጣሪያ ካለም አንገቱ እስኪቆለመም አንጋጦ ያያል። ከዚያ እዚያው ቆሞ ይጽፋል፤ አከራይና ተከራይም በየክፍሉ ዝርዝር ሥር ይፈርማሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ የጻፈው ውል አንድም ቀን አከራክሮ አያውቅም። ይህቺን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራታል፤ ምን ይደረግ፣ ጉራ የሌለበት ሰው የት ይገኛል!

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ክር የተንጠለጠለበት ቀሚሷን እንደለበሰች እየሮጠች ቢሮው ገባች። በእጇ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዛለች።

«ጋሼ፣ የጓሮውን ክፍል ልቀቂ ተባልኩ! ውሉ ላይ የለም አሉኝ። እናቴ የተኛችበትን ክፍል እኮ ነው!»

ጠበቃው የውሉን ቅጂ ከመደርደሪያው አውርዶ ገለጠ። «ከመንገዱ በኩል ያለው ሱቅና ከኋላው ያለው አንድ ክፍል» ይላል። ስለ ጓሮው ክፍል አንዲት ቃል የለም። ክው አለ።

ነገሩ ትዝ አለው። ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያን ሰሞን ጉልበቱን አሞት ደረጃ መውረድ እንኳን አቅቶት ነበር። የቤቱ ባለቤት የነበሩት ሴትዮ ልብስ ሰፊዋን አስከትለው መጡ። እናትና ልጅ እዚያ ግቢ ያለ ወረቀት ዓመታት ኖረዋል፤ ሴትዮዋ ግን አርጅተዋል። «እኔ ካለፍኩ በኋላ ማንም እንዳያስቸግራቸው አሥር ዓመት ብለህ ጻፍላቸው» አሉት። «ሱቁንና ከኋላው ያለውን ሁሉ።» ሊያይ ሲነሳ ጉልበቱ ጮኸ። ከኋላው ያለው ምን ይሆናል፣ አንድ ክፍል ነው እንጂ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጻፈውም።

«ስትፈርሚ አላነበብሽውም?» አላት።

«እርስዎ የጻፉትን ምን ብዬ አነባለሁ?»

ከጥፊ ይልቅ ይህ አመመው።

ሴትዮዋ ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ወራሹ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ የጓሮውን ክፍል ለጎረቤቱ ነጋዴ በመጋዘንነት ሊያከራየው ፈልጎ ነው። እናትየው ደግሞ እግራቸው ከድቷቸው አልጋ ከያዙ ሰባት ዓመታቸው ነው። ሱቁ በስፌት መኪናና በጨርቅ ተጨናንቋል፣ ከኋላው ያለው ክፍል ልብስ ሰፊዋና ሁለት ልጆቿ የሚያድሩበት ነው። ሌላ አልጋ የሚገባበት ቦታ የለም።

«አሁን ምን ይሻላል፣ ጋሼ? ይከራከሩልኛል አይደል?»

«አልከራከርልሽም» አላት። ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጠበቃ ሆኜ ከምቆምልሽ ምስክር ሆኜ ብቆምልሽ ይሻላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መሆን አይቻልም።» እስከ ዛሬ «ቅጽ ሞይዋ» እያለ ሲያሾፍባት ወደነበረችው ወጣት ጠበቃ ራሱ ወሰዳት። ቅጽ ሞይዋም አልሳቀችበትም፤ ወንበር ሳበችለት።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የወራሹ ክርክር አጭር ነበር።

«ክብርት ዳኛ፣ ይህን ውል የጻፉት ጠበቃ ማን እንደሆኑ አገር ያውቃል። ሳያዩ አይጽፉም። የጓሮውን ክፍል ካልጻፉት፣ አይተው የተዉት ነው ማለት ነው!»

ጠበቃው ሠላሳ ዓመት ሲኮራበት የኖረው ስም አሮጊቷን ከአልጋቸው ሊያስነሳ ተነሥቷል! ዝም ቢል ስሙ እንደተከበረ ይቀራል፣ ቢናገር የነገ ደንበኛ ምን እንደሚል ያውቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ልቡ ለአፍታ ወደ ዝምታው አዘንብሏል። አፈረበት።

ዳኛዋ ቃለ መሐላ አስፈጽመው ጠየቁት። «ቤቱን አይተው ነው የጻፉት?»

«አላየሁም።»

ከኋላ አንድ ሰው «እሰይ!» አለ፤ ሌላው ሳቀ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ።

«ባለቤቷ "ከኋላው ያለውን ሁሉ" ነው ያሉኝ» አለ ጠበቃው። «"አንድ ክፍል" ብዬ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴን አሞኝ ነበር፤ ምክንያት ግን አይሆንም። እናትየውን ረስቼ፣ የተኙበትን ክፍል ሳላይ ከወረቀት አወጣሁት።»

ዳኛዋ ግቢውን ራሳቸው ሄደው አዩት፤ በሳምንቱም የጓሮው ክፍል የኪራዩ አካል ነው ብለው ወሰኑ። ወራሹ አኮረፈ፣ ይግባኝ ግን አላለም። በሰፈሩ ሻይ ቤት ደግሞ ወሬው ሌላ ነበር፤ ውላቸውን ከሣጥን አውጥተው እንደ አዲስ የሚያነቡ ሰዎች በዙ። ሁለት ደንበኞቹም ወደ ቅጽ ሞይዋ ሄዱ። ከፍቶታል፤ አልከፋኝም ቢል ውሸት ነው።

ውሳኔው በተሰማ ማግስት ውሉን ሊያስተካክል ሄደ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ዱካ፣ ወደ ግቢው የምታሳይ አንዲት መስኮት። እናትየው ትራስ ተደግፈው ጠበቁት።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ገና ከበሩ። «ረስቼዎት ነበር።»

አሮጊቷ ትኩር ብለው አዩት። «አልጋ ከያዝኩ ወዲህ ያልረሳኝ ማን አለ ብለህ ነው፣ ልጄ? ወንድሞቼ ረስተውኛል፣ ጓደኞቼ ረስተውኛል። ሲያገኙኝ ሁሉም ሥራ በዝቶብኝ ነው የሚሉት።» እጃቸውን ዘረጉለት። «ረስቻታለሁ ብሎ በሰው ፊት የተናገረልኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ጠበቃው ዱካዋ ላይ ቁጭ ብሎ እጃቸውን ያዘ፤ ውሉን ለመጻፍም አልቸኮለም።