ዘጠኙ ዕጣ

የያዙኝ በዴሳ ገበያ፣ የበሬ ገመድ በእጄ እንዳለ ነው። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው፣ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው አሉ። ጊፋታ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። ጊፋታ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ያን ሰሞን ከብት ተራ የገባ ሰው ከበሬው ሻኛ በቀር የሚያየው ነገር የለም። እኔም ሻኛውን ስዳብስ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። ሻጩ መስሎኝ "ጨርሰን የለም እንዴ?" ብዬ ዞር ስል ፖሊስ ነው።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። የሶዶ ጣቢያ ፖሊስ ነው፤ ሁለት ልጆቹን አስተምሬለታለሁ። ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሶዶ እንደምፈለግ፣ የሚፈልገኝም መቶ አለቃው እንደሆነ ነገረኝ። በሬውን ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅሁት። ይህን አላሰበበትም ነበር። ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

"መምህር፣ እኔ የታዘዝኩት እርስዎን ነው" አለኝ። "የጊፋታ በሬ አይታሰርም።"

ስለዚህ ሦስታችን፣ እኔ፣ ፖሊሱና በሬው፣ ሶዶ ድረስ በእግራችን ሄድን። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ፖሊሱ በሬ የሚነዳልኝ እየመሰለው በረከት ይመኝልን ነበር። ሶዶ ስንደርስ ፖሊሱ ሳልጠይቀው ወደ አንድ ባለሱቅ ጓደኛዬ ግቢ ታጠፈና በሬውን ራሱ አሰረው። ከዚያ እኔን ወሰደኝ። በኋላ በሬው የት ደረሰ ብሎ የጠየቀው አለቃ አልነበረም፣ እሱም አልተናገረም። መቶ አለቃው እኔን ሲይዝ በሬውን የያዘ መስሎት ቀረ።

አሁን በሬው የምን በሬ እንደሆነ ልናገር። እኛ ዘጠኝ ነን። ሶዶ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አብረን ፊደል ቆጥረን፣ በአንድ አለንጋ ተገርፈን፣ ስምንተኛ ክፍልን አብረን የጨረስን ነን። የመጨረሻው ቀን አንድ ፍየል አርደን ቅርጫ ተካፈልን። ቅርጫ ለማያውቅ ሰው፣ ሥጋው በኮባ ላይ እንደ ሰዉ ቁጥር በመደብ በመደብ ይደረደራል። እያንዳንዱ ሰው ጠጠርም ይሁን ጭራሮ አንድ ነገር ዕጣ ብሎ ያወጣል። የማን ዕጣ የትኛው እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ ያኖራቸዋል። ዕጣህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው፤ አጥንት ቢበዛበትም አፍህን ይዘህ ትወስዳለህ።

ሌላው ሰው ዕጣውን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። እኛ የልጅ ነገር ሆኖብን አልጣልነውም። የባለሱቁ ጓደኛዬ ዕጣ ያን ጊዜ ከአባቱ ሱቅ ያመጣት የካፖርት ቁልፍ ነበረች። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ የከተመ ነጋዴ ነው። የእኔ የኮክ ፍሬ ነበር። በኋላ ኦቶና ሆስፒታል ድሬሰር የሆነው ልጅ የጉሎ ፍሬ አወጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ሆነ። ሁሉንም በአንድ የጨርቅ ከረጢት ከተን እኔ ያዝኩት። በየዓመቱ ለጊፋታ አንድ በሬ እንጥላለን፤ የመጣ ይመጣል፣ ላልመጣው ዕጣው ይጣልለትና ድርሻው ይላክለታል አልን። ከዚያ ወዲህ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ጸሐፊ ሆኖ ብንበታተንም ጊፋታ ሲደርስ ተገናኝተን ሥጋውን በበርበሬ ዳጣ እያጠቀስን ስንሳሳቅ እንውላለን።

ከዘጠኙ አንዱ መቶ አለቃው ነው። አዎ፣ ያስያዘኝ። ሦስት ዓመት በአንድ አግዳሚ ተቀምጠናል። ዕጣው የተሰበረችበት የድንጋይ ሰሌዳ ስባሪ ናት። ማዕረግ ካገኘ በኋላ ሥራ በዛብኝ አለና ቀረ። እኛ ግን ዕጣውን መጣላችንን አልተውንም። ድርሻውን ሃላሌ መንገድ ላይ ላሉት ለእናቱ እናደርስላቸው ነበር።

የታሰርኩበት ምክንያት ወዲህ ነው። የአንድ ባለርስት ጭሰኞች ከመሬታቸው ሊነቀሉ ሆነ። አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ አቤቱታ የሚጽፍላቸው ሰው ፈልገው አጡ፤ የተጠየቀው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ድሬሰሩ ጻፈላቸው። ቁስላቸውን ሲያጥብ የሰማውን ነው የጻፈው። እነሱ ጣታቸውን አተሙበት፣ እሱ ስሙን አላኖረም። የአውራጃው ሹም በላያቸው ታልፎ አዲስ አበባ እንደተጻፈ ሲሰሙ አበዱ። ይህን የጻፈ የተማረ ሰው ነው፣ የተማሩትም የሚመካከሩት በዚያ በሬ ሰበብ ነው ተባለ። ማን እንደጻፈው ከድሬሰሩና ከጭሰኞቹ ሌላ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ድሬሰሩ ቢያዝ እስሩ የዓመታት ነው፤ ሁለት እህቶቹን የሚያሳድገውም እሱ ነው።

ክፍሏ ከጣቢያው ጓሮ ናት። ድሮ የእህል መጋዘን ስለነበረች በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ገና ገለባ አለ። መስኮቷ የእጅ መዳፍ ታህላለች፤ በእሷ የዳሞታ ተራራ ትከሻ ብቻ ይታያል። ውስጥ አምስት ሰዎች አገኘሁ፤ አምስቱም ጣታቸውን ያተሙ ጭሰኞች ናቸው። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ አንደበታቸው ቁጥብ ነው። ስገባ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ስለምን እንደታሰርኩ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። የጻፈላቸውን ሰው ግን እነሱም አልተናገሩም ነበር። ጀርባቸውን ያየ ሰው ስንት ጊዜ እንደተጠየቁ ይገባዋል።

በማግስቱ ተጠራሁ። መቶ አለቃው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፣ ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሟል። ከኪሴ የወሰዱትን ከረጢት ፈታና ዕጣዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። ካየኋቸው ዓመት ሆኖኛልና፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

"ሹሙ ይህን ሲያዩ የምስጢር ማኅበር ምልክት ነው አሉ" አለኝ።

"አንተ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ንገራቸዋ።"

ፖሊሱ ከኋላዬ ሳል አለ። መቶ አለቃን በሰው ፊት አንተ ማለቴ ጨንቆት ነው። እኔ ግን አፍንጫውን በእጅጌው ሲጠርግ ያየሁትን ሰው አንቱ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

መቶ አለቃው አልተቆጣም። ወንበር እንዲመጣልኝ አደረገ። ሹሙ እንደሚያስጨንቁት፣ እኔን መጉዳት እንደማይፈልግ፣ ሚስቴ አራስ እንደሆነችም እንደሰማ ነገረኝ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለደች ወር አልሞላትም ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

"ስም አትጥራልኝ። አንተ አልተናገርክም፣ እኔም አልሰማሁም። ከእነዚህ አንዱን ብቻ አንሥተህ ስጠኝ። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ፣ ጊፋታን ከአራስህ ጋር ትውላለህ።"

የጉሎ ፍሬዋ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ለእጄ ቅርብ ናት። ልጄን ገና በቅጡ አላቀፍኩትም። ሰው ሳይናገር የሚከዳበትን መንገድ ያዘጋጀልኝ የገዛ የአግዳሚ ጓደኛዬ መሆኑን ሳስብ ደሜ ፈላ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ዘረጋሁና የሰሌዳውን ስባሪ አንሥቼ ፊቱ አኖርኩለት።

"እንካ" አልኩት።

ስባሪዋን አያት። ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

"ትቀልዳለህ?"

"አንዱን አንሣ አልከኝ፣ አነሣሁ። ይህ ሰው ከመጣ ስንት ዓመቱ ነው። ሥጋው ግን አንድም ዓመት አልቀረበትም። እናቱን ጠይቃቸው።"

እናቴን በአፍህ አታንሣ አለኝ። ዕጣዎቹን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ መለሳቸው፤ የራሱንም ጨምሮ መለሰ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለ፣ ሳያየኝ።

"ወረቀቱስ አዲስ አበባ ገብቷል" አልኩት። "የቀራችሁ ሞኙ ነው፤ እሱም ይኸው በእጃችሁ ነው።"

ፖሊሱ ሳቁን ለመዋጥ እንደገና ሳለ። ለዚያች ቃል ሁለት ቀን ውሃ ብቻ ሰጡኝ። አልቆጨኝም።

የጊፋታ ዋዜማ ደረሰ። ከውጭ የልጆች ጭፈራ ይሰማል። ጭሰኞቹ ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀምጠዋል፤ በጊፋታ ከቤቱ የራቀ የወላይታ ሰው ፊቱን ለሰው አያሳይም። እኔም ከረጢቱ መቶ አለቃው ጠረጴዛ ውስጥ፣ እኔ እዚህ፣ ዘንድሮ ቅርጫው ቀረ፣ ፈርተውም ተበታትነዋል ብዬ ነበር። ልቤ ተሰብሮ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ተከፈተ። ፖሊሱ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ፈታሁት፤ ሥጋ ነው። ከላዩ ላይ አንድ የኮክ ፍሬ ተቀምጧል፣ ገና ሥጋው ያልለቀቀ፣ በቅርቡ የተበላ።

ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ሁሉን ነገረኝ። በሬው ታርዷል። ከረጢቱ ቢወሰድባቸው እያንዳንዱ የልጅነት ዕጣውን በአዲስ አውጥቷል፣ ለእኔም ኮክ በልተው አውጥተውልኛል። ስንት ሰው መጣ ብዬ ፖሊሱን ጠየቅሁት። ከአንተና ከአለቃዬ በቀር ሁሉም አለኝ። አንቱታውን በደስታ ረስቶታል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ብቻዬን ልበላው አልቻልኩም። ቢላዋ ወደ ክፍሏ አይገባምና ፖሊሱ ራሱ በሩ ላይ ተቀምጦ ቆረጠልን። እኛ ስድስት ነን፤ እኔ ሥጋውን ሰባት መደብ አደረግሁት። ሽማግሌው ቆጥረው ቀና ብለው አዩኝ እንጂ አልጠየቁም። ሰዎቹ ከልብሳቸው ክር፣ ከግድግዳው ገለባ እየነቀሉ ዕጣ አወጡ። እኔ ኮኬን አወጣሁ፣ ለሰባተኛውም ከግድግዳው የወደቀች ጠፍጣፋ ጠጠር። ፖሊሱ ፊቱን አዙሮ ቆየና ዞሮ ዕጣዎቹን አኖራቸው።

ይህን ጊዜ መቶ አለቃው በሩ ላይ ነበር። ፖሊሱ ብድግ ብሎ ደረቀ።

"ማን ፈቀደ?"

"ጊፋታ ነው" አልኩት። "ያ ጥግ ላይ ያለው መደብ ያንተ ነው። ዕጣህ ወጥቷል።"

ጠጠሯን አየ። ዐይኑን ከእሷ ላይ ለመንቀል ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ዞሮ ሄደ።

እኛ በላን። ሰባተኛው መደብ ኮባው ላይ ተቀመጠ። እነዚያ ሰዎች ጥጋብ ካዩ ወራት ሆኗቸዋል። አንደኛው ጎልማሳ ዐይኑን ከሥጋው አላነሣ ሲል ሽማግሌው "የሰው ዕጣ ያረፈበት ነው፤ ባለቤቱ ይምጣም ይቅርም እኛን አይመለከትም" አሉትና ኮባውን ሸፈኑት። ማንም አልነካውም። ስለዚያ ክፍል የማስታውሰው ሁሉ ቢጠፋብኝ ያ የተሸፈነ ኮባ አይጠፋብኝም።

ጠዋት ፖሊሱ መጥቶ ኮባውን አነሣ። መቶ አለቃው ለእናቴ አድርስልኝ ብሎት ነው።

አለቀሰ፣ ተጸጸተ፣ ፈታኝ ብዬ ብጨርሰው ያምር ነበር። አልፈታኝም። ሥጋውን የተቀበለ ሰው እኔን እስከ ገና አቆየኝ። ስም ግን ከእኔም ከአምስቱም አልወጣም። እነሱንም ተራ በተራ ለቀቋቸው። አቤቱታው መልስ አላገኘም፤ ድሬሰሩ ግን እስኪያረጅ ድረስ ኦቶና ቁስል ሲያጥብ ኖረ። የተፈታሁ ቀን ፖሊሱ ከረጢቱን ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ ፈትቼ አየሁት። የሰሌዳው ስባሪ ከነሌሎቹ አለ። ራሱን ሊያወጣ ይችል ነበር፤ አላወጣም። ከዚያ በኋላም ወደ በሬው መጥቶ አያውቅም።

ዛሬ ከዘጠኙ የቀረነው ሁለት ነን፣ እኔና ባለሱቁ። በሬውን ግን ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን አሟልተው እየገዙ እስከ ዛሬ ይጣላል፣ ዘጠኙም ዕጣ ይጣላል። የሞተው ሰው ድርሻ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመቶ አለቃው ለሴት ልጁ ነው የሚሄደው። እሷ የሰሌዳውን ታሪክ ምን ያህል እንደምታውቅ አልጠየቅኋትም፤ ድርሻው ሲደርሳት ከልቧ ትመርቀናለች።

አምና የባለሱቁ ልጅ ሥጋው ሲደረደር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ደግ ልጅ ነው፣ ስለ እኔ መታሰር ከአባቱ ሰምቶ ተቆርቁሮልኝ ነው። "አባባ፣ ያሰረዎትን ሰው ዕጣ እንኳ ብናነሣው ምን አለበት? አንድ ብቻ ነው" አለኝ።

አንዱን ብቻ አንሣ ተብዬ ስለመን ያ ሁለተኛዬ ነበር። ከረጢቱን ገልብጬ ሁሉንም መዳፉ ላይ አፈሰስኩለትና ፊቱን አዙሮ እንዲጥል ነገርኩት።

"ዘጠኝ ነን" አልኩት።