አንድ እግር ቦት

ባለፈው ዓመት ከኮልቾ መንደር በታች፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ቆሜ ሳለሁ፣ ከዘይት ጋር የተደባለቀ ቤንዚን ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው፤ ወዲያው ጂንካ ያለው የልጅነት ግቢያችን፣ የቆርቆሮው ጣሪያና ከሥሩ የሚቀመጠው በርሜል ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ።

አባቴ ኦሞ ላይ በጀልባ ሰው ያሻግር ነበር። እኔና እናቴ ጂንካ እንኖር ነበር፤ እሱ መጀመሪያ በዓመት ሁለቴ፣ ኋላ አንዴ ብቻ ይመጣ ጀመር። የእሱ የምንለው ዕቃ ቤት ውስጥ የቀረው ጥቁር የጎማ ቦቱ ብቻ ነበር፤ የጂንካ ጭቃ ዝም ተብሎ የሚገባበት አይደለምና ሲመጣ እንዲያደርገው አልጋ ሥር ይቀመጥ ነበር፣ እናቴም ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ትወለውለው ነበር። እሷ ገበያ ስትወጣ እኔ እጄን ቦቱ ውስጥ ከትቼ እቀመጥ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በበጋው መጨረሻ የጀልባው ትንሽ ሞተር ተበላሽቶ፣ ከጂንካ ኦሞ በሚመላለሰው በሹፌሩ በጋሽ ታደሰ የጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። አባቴ አብሮ በላካት ወረቀት ላይ «ሲሠራ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ እናቴ ይህችን ቃል ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። የሰፈራችን መካኒክ ግን መኪና እንጂ የውሃ ሞተር አላውቅም ብሎ መለሰን። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋን ራሷ ፈታ የምትገጥም እልኸኛ ሴት። ሞተሩን የስፌት ጠረጴዛዋ ላይ አስተኝታ፣ የፈታችውን ብሎን ሁሉ ጨርቅ ላይ በተራ እየደረደረች ከፈተችው።

የበልጉ ዝናብ ከቆርቆሮው እየወረደ በርሜሉን ሲሞላው፣ የሞተሩ ጭራ ውሃው ውስጥ እንዲገባ በርሜሉ አፍ ላይ አስራ የማስነሻ ገመዱን ትስብ ነበር። ካርቡራተሩን ከኦሞ ደለል አጥባ፣ ካንዴላውን ፍቃ፣ ስንት ቀን እንደሳበች እንጃ፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሣላት። ነገር ግን ከጎኑ ባለችው ቀዳዳ ውሃ መትፋት ሲገባው አልተፋም፤ ውሃ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የጎማ ክንፍ ተበልቶ አልቆ ነበር። ከመኪና ጎማ ሌላ ክንፍ ቀረጸች፣ ደረቀባት፤ ጎማው ውስጥ የሚነፋውን ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ቆረጠች፣ ለሰለሰባት። በመጨረሻ አልጋው ሥር አጎንብሳ ቀኝ ቦቱን አወጣች። እኔ አለቀስኩ። «ሲመጣ ሌላ ይገዛል» አለችኝና ተረከዙን በምላጭ መቅረጽ ጀመረች። በማግስቱ ሞተሩ እንደ ሕፃን ሽንት ቀጭን ውሃ ተፋ፣ እናቴም ሳቀች፤ ከዚያ በፊት የሳቀችበትን ቀን አላስታውስም። በዚያው ሳምንት ሞተሩ መሥራቱን ጽፋ በሹፌር ላከችለት።

ዝናቡ ቆሞ መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ፣ የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በር እሮጥ ነበር። ጋሽ ታደሰ ብቻውን መጣ። አባቴ ሥራ ስለበዛበት ሞተሩን እንዲያመጣለት እንደላከው ነገረን፤ ከዚያም ዓይኑን ከእናቴ አሽሽቶ፣ ቦቱንም ላኪልኝ ማለቱን ጨመረ። ያኔ ገባኝ፤ የሚመለስ ሰው ቦቱን አያስወስድም። እናቴ ገብታ፣ ግራ ቦቱን ወልውላ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው።

«ሌላኛውስ?» አላት።

«ሞተሩ ውስጥ አለ በለው፣ ጋሼ» አለችው።

አባቴ እዚያው ወንዝ ዳር ሌላ ትዳር እንደመሠረተ የሰማነው ቆይቶ ነው፤ ጂንካን ዳግም አልረገጠም። እናቴ ዛሬም ትሰፋለች፣ እኔም ለሥራ አልፎ አልፎ ወደ ኦሞ እወርዳለሁ። ያኔ የሞተር ድምፅ ስሰማ ማን እንደመጣ ለማየት እሮጥ ነበር፤ አሁን ጀልባ ሲጠጋ የሚነዳውን ሰው አላይም። ሞተሩ ከጎኑ ውሃ ይተፋ እንደሆነ ብቻ አያለሁ።