ኮርቻው የመለሰው ሩር

ባለፈው ቅዳሜ አሶሳ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ቆሜ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አየሁ። ቆሜ ማለቴ ለወጉ ነው፤ ጉልበቴ ከድቶኛልና የሚያቆመኝ የጎረቤቴ የኢድሪስ ትከሻ ነበር። ኢድሪስ የዚሁ አገር ተወላጅ በርታ፣ የጨው ነጋዴ ነው። ኳሷ እየበረረች ሄዳ ከመስመሩ ውስጥ የቆመ ብስክሌት መታችና ቀረች። ብስክሌቱ የአንድ ትልቅ ሹም ነው። ዳኛው ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ አስተማሪ ነበር። ፊሽካውን ነፍቶ ጨዋታውን አስቆመ።

“ጌታዬ፣ ዕቃዎን ከሜዳው ያውጡልኝ። እርስዎም ከመስመሩ ወዲያ ይሁኑልኝ” አለ።

ሹሙ ዙሪያውን አየና ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ።

“ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ሰው አይፈራም!” አለ ኢድሪስ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ቤቴ ገብቼም እህል አላሰኘኝም።

የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግድም እኔም በዚያ ልጅ ዕድሜ ዳኛ ነበርሁ። አገሬ ከዓባይ ማዶ ወንበራ ነው፣ ከዚያው ከወንበራው ደብረ ዘይት ብዙም የማይርቅ መንደር። ገና ሲደርስ ወንበራ ደስ ይላል። ዳጉሳው ታጭዶ፣ ኑጉ ተወቅቶ፣ መንገዱ ደርቆ አቧራው እንደ ዱቄት ይለሰልሳል፤ ከየቤቱ የተቆላ ኑግ ይሸታል። በበዓሉ ቀን፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ገና ይጋጠማሉ። ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ በቆልማማ ዱላ እየለጋ ከተጋጣሚው ዳር ቀድሞ ሁለት ጊዜ ያሳለፈ ወገን ያሸንፋል። ያሸነፈ ደግሞ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፣ ጌታም ቢሆን ሹምም ቢሆን። “በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ” ይባላል። ድሃ በዓመት አንድ ቀን አፉን የሚፈታው በዚህ ነው፤ በሌላው ቀን ያችኑ ቃል ቢናገራት ጀርባው ይላጣል።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የአገራችን ሹም ግራዝማች ዳምጤ በገበያ መካከል በበቅሎ ሲያልፍ፣ የጓደኛዬ የአድማሱ አባት አባ ነገሬ ፈጥነው አልተነሱለትም። ጉልበታቸው የታመመ ነው። እዚያው ሕዝብ ፊት አስሮ አስገረፋቸው። ግራዝማችን አንቱ አልለውም፤ ያን ያህልስ አቅም አለኝ።

አድማሱ አላለቀሰም፣ አልዛተም። ገናን ጠበቀ። የታች ሰፈር አውራ ተጫዋች እሱ ነበርና ግጥሙን አዘጋጅቶ ለእኔ ብቻ ነገረኝ፦

ሽማግሌ አስሮ ሲገርፍ የዋለ፣
በቅሎ ላይ ለመውጣት ሰው ደግፉኝ አለ።

ግራዝማች ወፍራም ነው። ሲወጣም ሲወርድም ሁለት አሽከር ይደግፈዋል፤ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስለምኖርና ከሁለቱም ሰፈር ስላልሆንሁ፣ ዳዊትም ስለደገምሁ፣ ዳኝነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ጠዋት ጋሻውን፣ ኩታውን፣ ትርፉን ዱላ ሁሉ ከመስመር አስወጣሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ ደነገግሁ፦ “ተመልካች ከመስመር ወዲያ! ከመስመር ውስጥ የተገኘ ሰው ወይም ዕቃ ሩር ቢያግድ፣ ሩሩ እንዳለፈ ይቆጠራል፤ ጥፋቱም የባለ ዕቃው ወገን ነው!” ሁሉም “ይሁን” አለ። ያን ጊዜ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ግራዝማች ዘግይቶ መጣ። ቤቱ ላይ ሰፈር ነውና በእነሱ ዳር ወረደ። አሽከሮቹ የበቅሎዋን ኮርቻ ፈትተው ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አስቀመጡት፤ እሱም አጠገቡ ጃንጥላ አስይዞ ተቀመጠ። አየሁ። ላስነሳው ሄድሁ። ደርሼ አፌን ስከፍት የወጣው “እንኳን አደረስዎ” ነበር።

“እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ጎበዝ!” አለኝ። ጎበዝ ሲለኝ ደስ አለኝና ተመለስሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ለአንድ ነበሩ። አድማሱ ሩሯን ከሦስት ሰው መሐል አውጥቶ ለጋት። አቧራ እያስነሳች በቀጥታ ወደ ላይ ሰፈር ዳር በረረች፤ ከፊቷ ማንም አልነበረም። ኮርቻው ብቻ ነበረ። ቀው አለችና ተመለሰች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባ ነገሬ ከመስመር ወዲያ በምርኩዛቸው ተደግፈው ብድግ ብለዋል፤ ከዚያች የገበያ ቀን ወዲህ ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

“እህ፣ ዳኛው፣ ምን ትላለህ?” አለ ግራዝማች።

“ሩሩ አላለፈም፣ ጨዋታው ይቀጥል” አልሁ።

የታች ሰፈር ሰው ቅስሙ ተሰበረ። አድማሱ ዱላውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ፤ ላይ ሰፈሮች በአጠገቡ አልፈው አገቡና አሸነፉ። አባ ነገሬ ቀስ እያሉ ወደ እኔ መጡ። የእናት ቋንቋቸው ሽናሽኛ ስለሆነ አማርኛቸው ቁርጥርጥ ያለ ነው።

“ልጄ፣ ሩር ገባች። አንተ አየ፣ እኔ አየ” አሉኝ። ላይ ሰፈሮች እስኪመሽ ታች ሰፈሮችን በግጥም ሰደቡ፤ ስለ ግርፋቱም ገጠሙ። አባ ነገሬ ቁጭ ብለው ሰሙ።

በማግስቱ ከግራዝማች ቤት የሙክት ወርች ተላከልኝ። እናቴ በአዋዜ ጠበሰችው። አልበላም ያልሁ መስሏችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል፤ በላሁ፣ አጥንቱንም ጋጥሁ።

አባ ነገሬ ለዘር አልደረሱም፣ መጋቢት ላይ ሞቱ። በዓመቱ ታች ሰፈር አሸነፈ፤ ሰው ሁሉ “ግጠም!” ሲለው አድማሱ ዱላውን ጥሎ ሄደ። ከእኔ ጋር እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ዓባይን ተሻግሬ ወደዚህ መጣሁ።

ግራዝማችን አንድ ጊዜ ብቻ አገኘሁት፣ ለእናቴ ተዝካር ስመለስ። አርጅቶ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ማን እንደሆንሁ ስነግረው ሳቀ።

“የኮርቻው ዳኛ! ሩሩ እኮ አልፎ ነበር፤ ምን ነካህ? ስድቡን ልሰማ ተዘጋጅቼ ነበር። ወግ ነው፣ ከአባቴም አይቻለሁ። እኔ ምን አልሁህ?”

ምንም አላለኝም ነበር።

ዛሬ አሶሳ ውስጥ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራው እኔን ነው፤ ቅን ፈራጅ ይሉኛል። ስንት ዓመት ሙሉ “ልጅ ነበርሁ፣ አሽከሮቹ ጠመንጃ ነበራቸው” እያልሁ ራሴን ደልያለሁ። ማንም ጠመንጃ አላነሳብኝም። ፈርቼ ቢሆን አባ ነገሬ ይቅር ይሉኝ ነበር፤ ፍርሃትን ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? እኔ ግን የፈረድሁት ያ ሰው ዳግመኛ ጎበዝ እንዲለኝ ነው።