ደረሰኞቼ ላይ የተቀመጠው የሽሮ ድስት

ዛሬ የሲሚንቶ ደረሰኞቼ ላይ ከእሳት የወረደ የሽሮ ድስት ተቀመጠ።

እዚሁ እንጅባራ የአንድ ኮንትራክተር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሮ የለንም። የምሠራው አሠሪዬ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። (ቅርበት ጥሩ ነው ብለውኝ ነበር።)

ነገ ጠዋት ኦዲተር ይመጣል። ደረሰኞቹን በየቀናቸው ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ፣ እጄን ልታጠብ ወጣሁ።

ስመለስ የአሠሪዬ ባለቤት ምሳ አቅርበዋል። "ጠረጴዛው አዲስ ነው፤ እንዳይቃጠል ብዬ ድስቱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት" አሉኝ።

"እትዬ፣ ደረሰ..." ብዬ አፌን ስከፍት አጎረሱኝ።

እሱን ውጬ እንደገና ልናገር ስል፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" ብለው ደገሙኝ።

ለማታውቁ፣ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል። ድስቱ ሲነሳ ሲሚንቶው የለም፤ የድስት ቂጥ የሚያህል ጥቁር ክብ አለ።

ጠረጴዛው ምንም አልሆነም።

አሠሪዬ ገብተው ክቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "አንቺ እያለሽ?" አሉኝ። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት እትዬ ሦስተኛውን ጠቅልለው ደረሱ።

እናንተ ሰው ቤት ተቀምጣችሁ የቢሮ ሥራ የምትሠሩ፣ ምን ገጥሟችሁ ያውቃል? ቶሎ ጻፉልኝ። ነገ ኦዲተሩ ሲጠይቀኝ የሚያጎርሰኝ የለም።