አዲሱን ዘይት የቀመሱት እንግዳ

የረውዳ እንጀራ ምላሷ ነው። በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ ለወይራ ዘይት መጭመቂያ ባለቤቶች ወይራው መቼ እንደሚለቀም፣ የቱ ዘይት ከየቱ እንደሚቀላቀል እየቀመሰች ትመክራለች። ባለቤቶች አልኩ እንጂ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የነበራት ደንበኛ አንድ ነው፤ ሐጂ ሙንጂ። አምና ወይራው ፍሬ ሳይዝ ሲቀር ሐጂ ሦስት ወር ሳይጠሯት ቀሩ። ያኔ ፍርሃት ገባት። «አንድ ቀን በቃሽ ቢሉኝስ» እያለች ስትብሰለሰል ከሰውነት ተራ ወጣች።

ዘንድሮ ጨክና ሁለተኛ ደንበኛ ያዘች። ያውም ማንን? ከሐጂ ጋር ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጠውን የሌላ መጭመቂያ ባለቤት፣ ዙበይርን። ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ጠፍቶ ነው፤ አማክሪኝ ያላት እሱ ብቻ ነበር። ለእናቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሐጂ ሳይጠሩ እቤቷ ከተፍ አሉ። ረውዳ ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ኩሽና ሸሸች። እናቷ ግን ደስ ብሏቸው ጉድ ጉድ አሉ። ለእንግዳ የሚቀርበው የዓመቱ አዲስ ዘይት ነውና፣ ትናንት ዙበይር የላከውን ጠርሙስ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከፈቱት። በሳህን ገልብጠው ከትኩስ ዳቦ ጋር ሐጂ ፊት አስቀመጡት።

ረውዳ ከኩሽና ስትወጣ ሐጂ ቁራሹን ነክረው ወደ አፋቸው ሲወስዱ ደረሰች። እኚህ ሰው የራሳቸውን ዘይት ዓይናቸውን ጨፍነው ይለያሉ።

ሐጂ አላምጠው ዋጡ።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«አይደለም፣ ሐጂ» አለች ረውዳ።

«የዙበይር ነው። ያ ደንቆሮ ደግሞ ብቻውን እንዲህ አይጨምቅም። እጅሽ አለበት።»

«ፈርቼ ነው፣ ሐጂ። አንድ እርስዎን ብቻ ይዤ... አፈር ልሁን።»

ሐጂ ሌላ ቁራሽ ነከሩ። «እሰይ» አሉ። «ወንዱ ልጄ ይሄንኑ ሥራ ተምሮ መጥቷል፤ ከሰኞ ጀምሮ ቀማሹ እኔ ነኝ ብሏል። ይህን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ይቺ ልጅ ምን ልትበላ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ገላገልሽኝ።»

ጥግብ ብለው በልተው፣ ቤቱን መርቀው ሄዱ።

ረውዳ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ምን ሆነሻል? ሰውየው እንደሆነ አልተቆጡ» አሏት እናቷ።

«ደንበኛዬ ዛሬም አንድ ነው፣ እማ» አለች።